አባቴ ሰርዶ ያጣበት ቀን

ሰርዶ ያላስመረረው ሰው ስለ ትዕግሥት እንዳያወራኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሬ ስነቅል አረፈድኩና ወገቤን ይዤ ቀና ስል፣ ጨረስኩት ካልኩት መደብ መሀል አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ጫፍ ቆማ አየኋት። ሳብ አደረግኳት። ላይዋ ብጥስ ብሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሯ እዚያው መሬት ውስጥ ተዘረጋግቶ ተኛ። መኮትኮቻውን ወርውሬ በገዛ ግቢዬ ብቻዬን ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቶ ከሆነ ይስማ።

እንዲህ ደሜ ሲፈላ አባቴ ትዝ ይለኛል። አባቴ አጵሎስ ይባላል፤ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር፣ አሁን እኔ በምጮህበት በዚሁ ግቢ ይኖር የነበረ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሰርዶን ከግቢው ጠራርጎ ሊያጠፋ ተነሣ። በየክረምቱ ሐዋሳ እየሄደ የሚማረውን ትምህርት እንኳ ለዚሁ ብሎ ያቋረጠ መስሎኝ ነበር። ሠራተኛ አልቀጠረም፤ እኔን ያዘ።

የጥድፊያው ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነበር። ከአጥራችን ማዶ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዳልጮ ይኖራል። ሁለቱ ከዶርዜ ወርደው ቦታውን አብረው ይዘው፣ መሀሉን በሽቦ ከፍለው ነው ጎን ለጎን ቤት የሠሩት። ሽቦው መሀል ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። ጋሼ ዳልጮ ጫኖ የሙዝ እርሻ ላይ ስለሚሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀዳዳው ብቅ ይልና "ሳባ፣ ተነሣ እንጂ አንተ! ፀሐይ ወጣ!" ብሎ ይቀሰቅሰኛል። በጋሞኛ አድጎ ትልቅ ሰው ሆኖ የተማረው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም ነበር፤ እኔን አንተ፣ ብስክሌቱን አንቺ ይላል። ከዚያ ብስክሌቱ ኋላ አስቀምጦኝ ቁልቁል ይለቀዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ሸሚዙን ጨብጬ፣ ላብና የሙዝ ጭማቂ የሚሸተውን ጀርባውን ተደግፌ ጫኖ እንደርሳለን። በሳምንት ውስጥ ከዚያ ሌላ የምጠብቀው ቀን አልነበረኝም።

አንድ ቀን ቀዳዳው በሽቦ ተሰፋ። አባቴና ጋሼ ዳልጮ መነጋገር አቆሙ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። የማየው ግን አባቴ ጧት ጧት ጥርሱን እየፋቀ አጥሩ ሥር ሲቆም ነው።

"እይው እስቲ!" ይላል ለእናቴ፣ በሽቦው ሥር ሾልኮ የሚሳበውን ሰርዶ በመፋቂያው እያሳየ። "ከእሱ በኩል ነው የሚመጣው! እሱ እንደሆነ ለማን ግድ አለው! ወንድሜ ይድረስ፣ ልጠብቀው መች ይላል!"

እናቴ ዘሪቱ ድስቷን ከፍ ባለ ድምፅ ታስቀምጣለች። እኔም ነገሩን በልጅ ጭንቅላቴ ገጣጠምኩት። ወንድማማቾቹ የተጣሉት በሰርዶ ነው፤ ሰርዶው ካለቀ ይታረቃሉ፤ ከታረቁ ብስክሌቱ ላይ ቦታዬ ይመለስልኛል። በዚያ ክረምት እንደ እኔ የለፋ ልጅ በሴቻ አልነበረም።

መጀመሪያ ቆፈርን። አባቴ ከዶርዜ የመጣ ባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያ ነበረው፤ እሱ አፈሩን ይገለብጣል፣ እኔ በእንብርክኬ እየተከተልኩ ነጫጭ ሥሮቹን እለቅማለሁ። "በእያንዳንዷ አንጓ ላይ አዲስ ሰርዶ አለ። አንዲት ብትቀር ሁሉም ቀረ ማለት ነው" ይለኛል፣ ክፍል ውስጥ የቆመ ይመስል። የለቀምኩትን ከማድ ቤቱ አጠገብ ያለ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሰጣለሁ፤ በእጅ ሲጨብጡት እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ፀሐይ ይመታዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሠራን። ከዚያ በክረምቱ ውስጥ ብርቅ የሆነ ዝናብ አንድ ከሰዓት በኋላ ዱብ አለና ገና ያልደረቀውን አጥቦ የእናቴ ጎመን መደብ ላይ ደፋው። በሳምንቱ ጎመኑና ሰርዶው አብረው አደጉ። አባቴ መደቡን ቆሞ አየው፤ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ መታው፤ አንስቶ አራገፈው፤ እንደገና መታው።

ቀጥሎ ከሬዲዮ የፈላ ውኃ ያደርቀዋል ሲባል ሰማ። የእናቴ ትልቁ ድስት ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ዋለ።

"አጵሎስ፣ ሣር ነው ወይስ የእኔን ከሰል ነው የምትፈጀው?" አለች እናቴ።

"ሦስት ቀን ታገሺኝ።"

"ሚጥሚጣዬን እኮ ቀቀልከው!"

እውነቷን ነው፣ ቀቅሎት ነበር። የፈላ ውኃው የሠራው የግቢው በር አጠገብ ባለው የድንጋይ ንጣፍ መሀል የሚበቅለውን ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ላዩ ይጠወልግና ከሥሩ ያንሰራራል። ከዚያ ጨው ሞከረ። ጨው የበተነበት ጥግ ላይ ፓፓያችን ቆማ ደረቀች። እስከ ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ምንም አይበቅልም፤ ከሰርዶ በቀር። ከዚያ ደግሞ ፍየል ተዋሰ። ፍየሏ ገመዷን በጥሳ ሀለኮ የምንለውን ሽፈራው እስከ ጉልበቱ ድረስ ገሸለጠች፤ ቀና ብላ የተሰጣ የትራስ ልብስ በላች፤ ሰርዶውን አሸተተችና ጥላው ሄደች። አሁን ሳወራው ያስቃል። ያኔ ግን ማታ ማታ ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ የሚመጣብኝ ለቅሶ ብቻ ነበር።

በዚሁ መሀል ነው የጠርሙሱ ነገር የመጣው። አልጋዬን ከሚከልለው መጋረጃ ኋላ ሆኜ ሰማኋቸው።

"ዳልጮ ነው የላከው" አለች እናቴ ቀስ ብላ። "እርሻው ላይ የሚረጩት ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው ብሏል።"

"መርዝ ነው!" አለ አባቴ። "ልጄ ከምትበላው ሀለኮ ሥር መርዝ ላፍስ? መልሺለት!"

ከዚህ ውስጥ ለእኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ጋሼ ዳልጮ ሊመርዘኝ አስቧል። ሁለት ቀን ኩርኩፋ አልቀምስም ብዬ እናቴን አበሳዋን አሳየኋት፤ በሀለኮ ነዋ የሚሠራው። ዛሬ ሳስበው፣ አባቴ መድኃኒቱን ከጓሮው ማራቁ ትክክል ነበር፤ እኔም አልረጭም። ግን ራሴን አላታልልም። ጠርሙሱ ውስጥ ማር ቢሆንም ይመልሰው ነበር። ጋሼ ዳልጮ ደግሞ በዓመት ውስጥ ወንድሙን የሚያናግርበት አንድ ሰበብ አግኝቶ ነው የላከው።

መፍትሔውን ያመጣችው በመጨረሻ ትዕግሥቷ ያለቀ እናቴ ናት። "ትቆፍረዋለህ ይበዛል፣ ትቀቅለዋለህ ይነሣል!" አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ለምን ፀሐይ አትከለክለውም? ዓይኑን ሸፍነውና ይሙት!" የሳሙና ካርቶን ከየሱቁ ለምና አመጣች። ካርቶኑን በውኃ አርጥበን መሬቱ ላይ ደራርበን አነጠፍን፣ በላዩ የሙዝ ቅጠልና ፍግ ጫንን፣ በመሀል በመሀሉ እየቀደድን የስኳር ድንች ሐረግ ተከልን። ከዚያ የሚሠራ ነገር ጠፋ። መጠበቅ ብቻ። አባቴ መጠበቅ አይችልበትም ነበር፤ በየቀኑ የካርቶኑን ጫፍ ገልጦ ያያል፣ እናቴ ትጮኽበታለች። የስኳር ድንቹ ግን ቀስ እያለ ተንሰራፋ፣ መሬቱ ጠፋ፤ መስከረም ሲገባ ካርቶኑ በስብሶ ሥሩ የሚገኘው ጥቁር ለስላሳ አፈርና የሞተ ገለባ ሆነ። ሰርዶ አለቀ።

የመስቀል በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ጧት፣ የቀረው በሩ አጠገብ በንጣፉ ድንጋይ መሀል እንደገና ያቆጠቆጠው ብቻ ነበር። አባቴ ከቤት አልወጣ ስላለ እኔ ራሴ አንድ ድስት የፈላ ውኃ አፈሰስኩበትና ሁለተኛውን ጣድኩ። ውስጥ ከእናቴ ጋር ይነታረካሉ።

"ከዶርዜ ድረስ ሽማግሌ ወርዶ፣ መስቀል ሳይደርስ ታረቁ ሲባል፣ አልወጣም ይባላል?"

"እኔ ስደርስ አፈሩ ደርቆ ነበር እኮ ዘሪቱ! ደርቆ!"

ስለ ጓሮው አፈር መሰለኝ። አፈሩማ አልደረቀም፣ እርጥብ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠጣሁት ልለው ፈልጌ ነበር። በዚያው በሩ ተንኳኳና ሮጬ ከፈትኩት።

ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከፊታቸው ጋሼ ዳልጮ መሬት ላይ ተንበርክኳል። አንገቱን ደፍቷል። በሁለት እጁ፣ ከዶርዜ ቅዝቃዜ የመጣ፣ ጤዛው ገና ያልረገፈ አረንጓዴ ሣር ይዟል።

የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ሁለት ወር ሙሉ ጉልበቴ እስኪላጥ ነቅዬ፣ ለቅሜ፣ አድርቄ፣ በመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻዋ ሰርዶ ተቀቅላ ለድጋሚው ውኃ ተጥዶ፣ እሱ ጭብጥ ሙሉ ሣር ይዞ በራችን ላይ! አባቴ ካየ አለቀ። ጠቡ እንደ አዲስ ነው። ብስክሌቱም እስከ ወዲያኛው ቀረ።

ጎንበስ ብዬ ጆሮው ሥር "ጋሼ ዳልጮ፣ አባዬ ሳያይ ልጣልልህ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። መልስ ሳልጠብቅ ሣሩን ከእጁ ነጥቄ ሮጥኩና የሚንፈቀፈቀው ድስት ውስጥ ጨመርኩት። ሲኮማተር አየሁት። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ አንድ እርምጃ አልሄደም። ዞር ስል ሽማግሌዎቹ እንደ ድንጋይ ቆመዋል። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ጋሽ ካሳ የሚባሉት፣ ዓይናቸው ድስቱ ላይ ነው። አባቴ በረንዳው ላይ ወጥቷል፤ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። የጋሼ ዳልጮ ባዶ እጆች አሁንም እንደተዘረጉ ናቸው።

በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ የሚሄድ የለም። ሣሩን የተቀበለ ይቅር አለ ማለት ነው። የጣለውስ? ጋሽ ካሳ በሰባ ዓመታቸው እንዲህ ያለ አይተው እንደማያውቁ በኋላ ነገሩኝ። ቀቅሎ የጣለ ደግሞ ሰምተውም አያውቁ። እኔ በሲሚንቶ በረንዳና በቴሌቪዥን ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ማን ነግሮኝ!

"ማነው ያስተማራት?" አሉ ጋሽ ካሳ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "ሣር ይዞ የመጣ ሁሉ ጠላት ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።"

ከጠበቅሁት ሁሉ ይህ ባሰብኝ። እንዲህ አስተምሮኝ አያውቅማ። ልቃወም አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"እንግዲያው ልጅ አላጠፋችም" አሉ ጋሽ ካሳ። "በአንተ ግቢ የተጣለውን ሣር አንተ በእጅህ ትተካለህ። እርጥብ ሣር አምጣና ከወንድምህ ፊት ተንበርከክ። አላደርግም ካልክም ንገረን፤ እኛም ወደ አገራችን እንውጣ፣ ከእንግዲህ ወንድም አለኝ አትበል።"

አባቴ ከበረንዳው ወረደ። አጥሩ ሥር ሄደ፤ የለም። ወደ ጎመኑ መደብ ሄደ፤ የለም። የስኳር ድንቹን ቅጠል እየገለጠ አየ፤ ካርቶን። የሙዙን ሥር ዞረ፤ ገለባ። በር ወጥቶ መንገዱን አየ፤ በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ የመንገዱ ዳር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። በንጣፉ ድንጋይ መሀል የነበረችውን እንኳ እኔ ቀድሜ በመጀመሪያው ድስት ቀቅያታለሁ። ሰውየው በገዛ ግቢው፣ ሽማግሌ አቁሞ፣ ሲረግመው የከረመውን ሰርዶ ፍለጋ እየተሽከረከረ ላብ አጠመቀው። እንዴት እንዳናደደኝ! ያን ሁሉ ለፍተን አሁን ምን ያድርግልህ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

"የስኳር ድንች ቅጠል... አይሆንም?" አለ በመጨረሻ።

"ሣር ነው ያልነው" አሉ ጋሽ ካሳ።

ያኔ ጋሼ ዳልጮ፣ ከተንበረከከበት ሳይነሣ፣ አንገቱን ሳያቀና ተናገረ። በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ ለአባቴ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

"በእኔ በኩል አለ። ቧንቧው ሥር።"

አባቴ በበሩ ወጥቶ ወደ ወንድሙ ግቢ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። የጋሼ ዳልጮ ቧንቧ ሁሌም ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ሰርዶው ለምልሞ ጉልበት ይደርሳል። አባቴ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወድቆ መንቀል ጀመረ። በቁጣ አልነበረም፤ አንድ አንድ እያለ፣ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሰርዶው አልነቀል ብሎት መሰለኝ።

"አባዬ፣ መቆፈሪያውን ላምጣልህ?"

ዞር ሲል ፊቱ በእንባ ርሷል። ሳቅም አመለጠው፤ ሁለቱ ተደባልቀው ምን እንደሆነ አልገባኝም። "አይ ሳባዬ" አለ፣ "በእጅ ነው የሚነቀለው።"

የተጣሉበትን ያወቅሁት አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው፤ እናቴ ነገረችኝ። በ1999 ነሐሴ፣ አባቴ ሐዋሳ ትምህርት ላይ ሳለ እናታቸው ዶርዜ ላይ ሞቱ። ጋሼ ዳልጮ አንድ ቀን አስጠብቆ ቀበራቸው። አባቴ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር። እናቱ ላይ አንድ እፍኝ አፈር ሳይመልስ ቀረ። ዝናቡ መንገዱን እንደናደው፣ ስልክ እንዳልሠራ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳስገደዱት ጋሼ ዳልጮ አንድም ቀን አልተናገረም፤ "አጥፍቻለሁ" ብቻ ነው ያለው። ሰርዶውም ቢሆን ከእሱ በኩል አልነበረም። እናቴ ሌላም ነገረችኝ፤ ከእርሻ ያስመጣነው ፍግ ውስጥ ሆኖ የገባው ወደ እኛ ግቢ ነው፤ ከእኛ ነው ወደ እሱ የተሻገረው። አባቴ የሚቆጣበት ነገር ፈልጎ ነበር፣ ሣር አገኘ።

ተመልሰን ስንገባ አባቴ ከወንድሙ ፊት ተንበረከከ። ሁለቱም ጉልበታቸው መሬት ላይ፣ ሰርዶው በመሀላቸው በአራት እጅ ተይዞ ቆዩ። ምን እንደተባባሉ በጋሞኛ ስለነበር አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ተቀብለው በሩ አጠገብ አኖሩት፣ መረቁ። ከሰዓት በኋላ ቀዳዳው ላይ የተሰፋው ሽቦ ተቆረጠ።

በማግሥቱ ጧት ግን እኔ ሥራዬን አልረሳሁም። ያ ሣር መሬት ላይ እንደ ወደቀ ነው፣ አንጓው እርጥብ ነው፤ ልለቅመው ስል አባቴ ከበረንዳው ጮኸ።

"ሳባ! ተዪው!"

"ይበቅላል እኮ አባዬ!"

"ይብቀል።"

በቀለ። በቀለ ብቻ? በሁለት ዓመት የግቢውን እኩሌታ ያዘ። አባቴ ሌላ ቦታ ያገኘውን እየረገመ ይነቅል ነበር፤ በሩ አጠገብ ያለውን ግን እስኪሞት አልነካውም።

የሞተው በ2011 ኅዳር ላይ ነው። እኔ ሐዋሳ ተማሪ ነበርኩ። በነገሩኝ ጧት ተሳፈርኩ፣ መሀል መንገድ ላይ ጎርፍ ድልድይ ቆርጦ መኪናው ቆመ፣ ስልኬ ጠፋ። የዚያን ቀን ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው ተብሎ ነበር። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጭቃ እንደለበስኩ ስደርስ፣ ቀብረውት ለቅሶው ብቻ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል፤ ሳጥኑ ከቤት አልወጣም። በሩ ላይ፣ እዚያው ሰርዶ ላይ፣ ጋሼ ዳልጮ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ እንደዚያ ነበር አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዕድሩም፣ ሽማግሌውም ለምነውት ነበር። ሙቀት ነው፣ አይሆንም ብለውት ነበር። ሳጥኑ በእኔ ላይ ይለፍ ብሎ ከበሩ አልነሣ አለ። ለሁሉም የሰጠው መልስ አንድ ነው፤ "ልጅቷ ሳይመጣ አፈር አይነካም።"

አፈሩን እኔ ነኝ መጀመሪያ የመለስኩት። እርጥብ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ መኮትኮቻውን ከወረወርኩበት አንስቼ፣ እየተበሳጨሁ እስከ በሩ ድረስ ነቀልኩ። በሩ አጠገብ ስደርስ እንደ ሁልጊዜው አለፍኩት። ይኸው ከዚያች ጥግ እየተነሣ ነው በየዓመቱ ወገቤን የሚሰብረው፣ አውቃለሁ፤ ካርቶን አልብሼው በሁለት ወር የሚያልቅ ነገር ነው። ይህንኑ ሳጉረመርም አጥሩ ቀዳዳ ላይ የጋሼ ዳልጮ ሽበት ብቅ አለ። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ብስክሌቱን ከተወ ቆይቷል።

"ሳባ! አንተ!" አለኝ፣ መሬቱን በዱላው እየመታ። "ይኼ ሰርዶ በእኔ በኩል መጣች እኮ! ከአንተ ግቢ ነው!"

"አውቃለሁ ጋሼ" አልኩት። "ከእኛ ነው።"